ዙፋን የሌለበት ሸንጎ



የልደት በዓል በመጣ ቁጥር የምሥራቹ አስቀድሞ የተነገረው በቤተ መንግሥት ለተቀመጡት ሳይሆን ሌሊቱን በሜዳ መንጋቸውን ይጠብቁ ለነበሩት እረኞች መሆኑን እናስታውሳለን። ይህ ነገር በብዙ መልኩ የሚተረጎም ቢሆንም አንዱ ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነው፤ ይኸውም ትልቅ ነገር የሚሰማውና የሚነገረው ከፍ ባለው ወንበር ዙሪያ ብቻ አለመሆኑ ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም በአገራችን ደቡባዊ ጫፍ ስለሚኖሩ አርብቶ አደሮች፣ ዙፋን ሳያስፈልጋቸው ስለሚያካሂዱት ሸንጎና ይህንኑ ለመረዳት ቤተሰብ ይዞ ሊጎበኝ ስለሚገባ አንድ ሙዚየም ይሆናል።

ስለ ሥልጣን የሚናገሩ ቤቶች

በበዓል ሰሞን ልጆችን ይዞ ወደ ታሪክ ሥፍራዎች መውጣት በከተሞቻችን እየተለመደ የመጣ መልካም ልማድ ነው። በአዲስ አበባ ለዚህ የሚሆኑ ሥፍራዎች ጥቂት አይደሉም። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሥልጣን ሕግን ሲረግጥ በትውልድ ላይ ምን እንደሚደርስ ያሳያል። በመስከረም 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ለሕዝብ ክፍት የሆነው የአንድነት ፓርክ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ የአገር ጉዳይ ሲመከርባቸውና ሲወሰንባቸው የኖሩትን አዳራሾች ያስጎበኛል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ሕዝብ በአንድ ዓላማ ሲሰለፍ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ይመሰክራል።

እነዚህን ሥፍራዎች አይቶ የተመለሰ ልጅ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦር አዝማቾችና ስለ ባለሥልጣናት ብዙ ያውቃል። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይመለስለት ይቀራል። አዛዥ በሌለበት፣ ዘበኛና ወህኒ ቤት በሌለበት ሥፍራ ሰዎች የጋራ ጉዳያቸውን እንዴት ይወስናሉ? ዴሞክራሲ የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ነገሩስ በአገራችን ቤት አልነበረውምን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ወደ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጂንካ ቢደርስ አይቆጭም።

ጂንካና ኮረብታዋ

ጂንካ የደቡብ ኦሞ መቀመጫ ሆና ለረጅም ዘመን የኖረች ከተማ ናት። ዙሪያዋን ደጋማው የአሪ ምድር ከቧት ይገኛል። በቅዳሜ ገበያዋ ከደጋ እህሉን፣ ከቆላ ማሩንና ቅቤውን ይዞ የሚመጣው ሕዝብ በአንድ ሜዳ ይገናኛል። በደቡብ ኦሞ 16 ብሔረሰቦች እንደሚኖሩ ሲነገር የቆየ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል አሪ፣ ማሌ፣ ሐመር፣ በና፣ ፀማይ፣ አርቦሬ፣ ካሮ፣ ኛንጋቶም፣ ዳሰነች፣ ቦዲና ሙርሲ ይገኙበታል። አንዳንዶቹ በቁጥር እጅግ ጥቂት ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሙርሲ ብሔረሰብ ቁጥር ወደ 7,500 ገደማ ነበር።

አካባቢው ለሰው ልጅ ሁሉ ታሪክ ባለውለታ ነው። በኪቢሽ በ1960 ዓ.ም. ገደማ የተገኘው የጥንት ሰው ቅሪተ አካል ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት ሳይሞላው እንደማይቀር እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አመልክቷል። የታችኛው የኦሞ ሸለቆም በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዲህ በምድራችን ላይ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ መምከር የጀመረው ከየት ነው ቢባል ጣት ከሚጠቆምባቸው ሥፍራዎች አንዱ ይህ ሸለቆ መሆኑ አይቀርም።

የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም የሚገኘው ከተማዋን ቁልቁል በሚያሳይ ኮረብታ ላይ ነው። ማዕከሉ በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተመሠረተ ሲሆን፣ በምሥረታው ትልቁን ድርሻ የተወጡት በጀርመን አገር የማይንዝ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት አይቮ ሽትሬከር ናቸው። እኚህ ምሁርና ባለቤታቸው ጂን ሊዳል እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ከሐመር ሕዝብ ጋር እየኖሩ ቋንቋውን ተምረዋል፤ ባልዳምቤ የተባሉት የሐመር ሽማግሌ ስለ ሕዝባቸው የነገሯቸውንም በመጽሐፍ አሳትመዋል። የማዕከሉ ዓላማ ስለ አካባቢው ሕዝቦች የተጠናው ሁሉ በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ብቻ እንዳይቀር፣ ሕዝቡም ራሱን የሚያይበትና የሚናገርበት ቤት እንዲኖረው ማድረግ ነው።

የልጅ ጥያቄ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በልደት ሰሞን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ወደዚህ ሙዚየም ወጥተን ነበር። በውስጡ የሚታዩት ዕቃዎች ወርቅና ብር አይደሉም። ወተት የሚናጥበት ቅል፣ በጨሌ ያጌጠ የቆዳ ልብስ፣ የሙርሲ ሴቶች በከንፈራቸው የሚያደርጉት ሸክላ፣ እንዲሁም ወንዶች እንደ መቀመጫም እንደ መንተራሻም የሚገለገሉባቸው፣ ከአንድ ግንድ የተጠረቡ ትንንሽ በርጩማዎች ናቸው። ታናሹ ልጄ በአንድ ረድፍ የተደረደሩትን በርጩማዎች ተራ በተራ ሲመለከት ቆየና፣

«አባዬ፣ የንጉሣቸው ወንበር የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ መልስ ሳልሰጥ የአካባቢው ተወላጅ የሆነው አስጎብኚ ፈገግ ብሎ፣ «የኔ ጌታ፣ እዚህ ዙፋን ብትፈልግ አታገኝም። ሁሉም የየራሱን በርጩማ ይዞ ይመጣል። ተቀምጦ ይሰማል፤ ተነሥቶ ይናገራል» አለው።

ታላቂቱ ደግሞ ቀበል አድርጋ፣ «ሴቶቹስ ጋሼ? እነሱም በርጩማ አላቸው?» አለች። አስጎብኚው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «እሱን ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ አልልሽም፤ ጥያቄሽ ትክክል ነው። በሸንጎው መካከል ቆመው የሚናገሩት ወንዶቹ ናቸው» ሲል በሐቅ መለሰላት።

በአንድ ክፍል ውስጥ የቀረቡት እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የጉዳዩን ውበትም ጉድለትም የሚነኩ ስለሆኑ፣ ቀጥለን አንድ በአንድ እንመለከታቸዋለን።

በዛፍ ጥላ ሥር

በሐመር ዘንድ የሕዝብ ጉዳይ የሚመከርበት ጉባኤ «ኦሽ» ይባላል። ቢታ የሚባሉ፣ በዘር የሚተካኩ የሥርዓት መሪዎች ያሉ ቢሆንም፣ ሥራቸው መባረክ እንጂ ማዘዝ አይደለም። ሽማግሌዎቹ በጥላ ሥር ተሰብስበው አስቀድመው «ባርጆ» ይጠራሉ። ባርጆ ማለት ጤናን፣ ዝናብን፣ የከብት ርቢንና በጎ ዕድልን ሁሉ በአንድነት የሚይዝ ቃል ነው። አንዱ ሲጠራ ሌላው እየተቀበለ በኅብረት ይመርቃሉ። ከዚያም ንግግሩ ይጀመራል፤ ተናጋሪው ጦር ይዞ ይነሣል። ንግግር አዋቂነቱና ማስተዋሉ የታየለት ሰው «አዮ» ተብሎ በሕዝቡ ፊት እንዲናገር ይደፋፈራል። ቃሉ ፍሬ ካፈራ ደግሞ እንዲናገር ይጋበዛል። ምክሩ ጉዳት ካመጣ ግን ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ። በዚህ ዓይነት የመሪነት ሥልጣን የሚጸናው ሕዝቡ ሊሰማው እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነው።

የሙርሲም ሥርዓት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። እንግሊዛዊው ምሁር ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በሙርሲዎች መካከል ጥናት አካሂደዋል። በእርሳቸው ጥናት መሠረት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1974 የቀረበው ፊልም ሙርሲዎች ከቦዲዎች ጋር በተዋጉበት ወቅት ያለ አለቃ እንዴት ይመክሩ እንደነበር የሚያሳይ ነው። «ኮሞሩ» የሚባለው ካህናቸው የሕዝቡ ደኅንነት ምልክት ነው፤ ዝናብ እንዲዘንብ፣ ከብቱና ሰብሉ ከበሽታ እንዲጠበቅ ሥርዓት ይፈጽማል፤ ነገር ግን ይህን አድርጉ፣ ያንን ተው ብሎ የማስገደድ ሥልጣን የለውም። በጉባኤው የፈለገ አዋቂ ወንድ ተነሥቶ በተሰብሳቢው ፊት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይናገራል። እጅ ተቆጥሮ ውሳኔ አይሰጥም። ከተደጋገመው ንግግር ውስጥ የብዙዎቹ ልብ ወዴት እንዳዘነበለ ቀስ በቀስ ይታወቃል። በንግግር ችሎታው የተከበረው ሰው «ጀላባ» ይባላል፤ ይህም ሹመት ሳይሆን ስም ነው።

በዳሰነች ደግሞ የሕዝቡን ጉዳይ የሚመክሩት ታላላቅ ሽማግሌዎች «አራ» ይባላሉ፤ ትርጉሙም «ኮርማዎች» ማለት ነው። ስማቸው ኃይልን የሚያመለክት ቢሆንም የሚወስኑት በምክክር ነው።

የዚህ ሥርዓት መሠረቱ መስማት መሆኑን ልብ ይሏል። በድምፅ ብልጫ የተሸነፈ ሰው ቅሬታውን ይዞ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። አስገዳጅ ፖሊስ በሌለበት አገር ግን የተቀየመው ሰው ከብቱን ነድቶ ቢሄድ ወይም በጦሩ ቢነሣ የሚመልሰው የለም። ስለሆነም ሁሉም እስኪረካ ድረስ፣ ቢያንስ የተቃወመውም «ተሰምቼአለሁ» እስኪል ድረስ መነጋገር ግድ ይሆናል። ሥርዓቱ ቀርፋፋ መስሎ ቢታይም፣ መዘግየቱ ከደም መፋሰስ የሚያድን በመሆኑ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል።

የተቀበረው ጦር

የዚህ ምክክር ፍሬ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ በአርቦሬ የተፈጸመው ነው። በ1983 ዓ.ም. ከሆነው የመንግሥት ለውጥ ወዲህ በአካባቢው አውቶማቲክ ጠመንጃ በመስፋፋቱ፣ ቀድሞ በጦር ይካሄድ የነበረው የከብት ዝርፊያና የደም ብቀላ ብዙ ሕይወት የሚያጠፋ ሆኖ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የአርቦሬ ሽማግሌዎች ጎረቤቶቻቸውን ወደ ምድራቸው ጠርተው የዕርቅ ጉባኤ አደረጉ። በሥርዓቱም ጦር ተቀበረ። አሉላ ፓንክረስትና አይቮ ሽትሬከር ያዘጋጁት ዘጋቢ ፊልም ስሙን ያገኘው ከዚሁ የጦር መቅበር ሥርዓት ነው።

እርግጥ ነው፣ አንድ ጊዜ የተቀበረ ጦር ለዘለዓለም ተቀብሮ አይቀርም። ከዚያ በኋላም በደቡብ ኦሞ ግጭቶች ተነሥተዋል። ይሁን እንጂ ዕርቅ በየትውልዱ መታደስ ያለበት ሥራ በመሆኑ፣ መታደስ ማስፈለጉ ከንቱነቱን አያመለክትም።

ሌላው ምሳሌ ከካሮ ሕዝብ ይገኛል። በካሮ «ሚንጊ» የሚል ጥንታዊ እምነት ነበረ። በዚህ እምነት መሠረት የላይኛው ጥርሳቸው አስቀድሞ የበቀለና በሌላም ምክንያት ገደቢስ ናቸው የተባሉ ሕፃናት እንዲጠፉ ይደረግ ነበር። የካሮ ሽማግሌዎች ከራሳቸው ከሕዝቡ የተወለዱ ወጣቶች ሲወተውቱ ከቆዩ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ልማዱ እንዲቀር ወሰኑ። ከዚህ የምንረዳው ሽማግሌ የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው ማለት እንዳልሆነ ነው። ሸንጎ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ፤ ሊታረም የሚችለው ግን አዲስ ድምፅ ሲሰማ ነው።

ጉድለቱም ይነገር

ይህም ወደ ልጄ ሁለተኛ ጥያቄ ይመልሰናል። በሸንጎው ሴቶች እንደ ወንዶቹ ተነሥተው አይናገሩም። ሴቶቹ አስተያየት የላቸውም ማለት ግን አይደለም። ጂን ሊዳል ከጆአና ሄድ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት በሐመር ሴቶች ሕይወት ላይ ያዘጋጇቸው ሦስት ፊልሞች እነዚህ ሴቶች ስለ ጋብቻ፣ ስለ ባሎቻቸውና ስለ ልጆቻቸው በምን ያህል ብስለትና ቀልድ እንደሚናገሩ ያሳያሉ። ብዙ ጊዜም ወንዱ በጠዋት ሸንጎ የሚናገረው ማታ ከምድጃው አጠገብ የሰማውን ነው። ነገር ግን በምድጃ አጠገብ መሰማትና በአደባባይ መሰማት አንድ አይደለም። በዚህ በኩል የምርጫ ሣጥን የሚበልጥበት አለ፤ ለሴትም፣ ለወጣትም፣ ለድኃም እኩል አንድ ድምፅ ይሰጣልና። በተቃራኒው በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ ከዚያ ወዲህ የሚሰማው ያጣ ሕዝብ ከዛፍ ሥር ሸንጎ የሚማረው አለ። አንዱ ሌላውን የሚሞላ እንጂ የሚያጠፋ መሆን የለበትም።

ጉዳዩ የሚነካው ሰው ይጠየቅ

ከዛፍ ሥር ሸንጎ የሚገኘው ዋነኛው ትምህርት ነገሩ የሚነካው ሰው ሳይሰማ ነገሩ እንዳይቆረጥ ነው። ይህ ለደቡብ ኦሞ ሕዝቦች የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው። ሙርሲዎች የሚኖሩት በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል ባለው ምድር ሲሆን፣ ሁለት ብሔራዊ ፓርኮች፣ ማለትም የኦሞና 2,162 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የማጎ ፓርክ፣ ሲከለሉ የግጦሽና የእርሻ መሬታቸውን ነክተዋል። በ2003 ዓ.ም. የኩራዝ ስኳር ልማት በሸለቆው ተጀመረ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ 3 ግድብም ለአገሪቱ ብርሃን ሲያመጣ፣ የኦሞን ዓመታዊ ሙላት ለወጠው። ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ዘርተው ለሚኖሩት ሕዝቦች ይህ ሙላት የጓዳቸው ቁልፍ ነበር።

አገር መብራትም ስኳርም ያስፈልጋታል፤ አራዊቷም መጠበቅ አለባቸው። የልማትን አስፈላጊነት የሚክድ የለም። ጥያቄው ግን ሸክሙን የሚሸከመው ሰው በምክሩ ላይ ተገኝቶ ነበርን? የሚል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ራሱ በአንቀጽ 92 በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ላይ ሕዝብ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 40ም አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል። ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎችም ቢያንስ 20ው ለአነስተኛ ብሔረሰቦች የተጠበቁ ናቸው። ሕጉ የጻፈው ነገር በዛፉ ሥር ከቆየው ልማድ ጋር የሚስማማ ነው። የቀረው ከአዲስ አበባም ሆነ ከክልል የሚሄደው ባለሥልጣን መመሪያ ለማንበብ ሳይሆን፣ እርሱም በተራው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለመስማት መዘጋጀቱ ነው።

ለሚጎበኝ ሰው

በደቡብ ኦሞ መንደሮች ጎብኚ መኪናውን አቁሞ፣ ለአንድ ፎቶ ገንዘብ ከፍሎ፣ ስም እንኳ ሳይጠይቅ የሚሄድበት ልማድ ሰፍኖ ኖሯል። በዚህ ሁኔታ የሄደ ልጅ የሚማረው አንድ ነገር ቢኖር ወገኑን እንደ ዕቃ መመልከት ነው። ስለሆነም ወደዚያ የሚጓዝ ቤተሰብ አስቀድሞ ከኮረብታው ሙዚየም ቢጀምር ይመረጣል። የዕቃዎቹን ትርጉም ተረድቶ፣ ሕዝቡ እንዴት እንደሚመክርና እንዴት እንደሚታረቅ ሰምቶ መንደር የሚገባ ሰው፣ ዓይኑ ከከንፈር ሸክላው አልፎ ሰውየውንና ሴትዮዋን ያያል። ፎቶ ከማንሣቱ በፊትም ሰላምታ ይሰጣል፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ በአስተርጓሚም ቢሆን ጥቂት ይጫወታል።

እስከ ጂንካ ለመሄድ አቅም ያልፈቀደለትም ቢሆን ከዚህ ትምህርት አይጎድልበትም። በዚህ በዓል ቤተሰቡ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሲሰበሰብ፣ የቤቱ ጉዳይ ሲነሣ፣ አባት ብቻውን ተናግሮ ባይጨርስ መልካም ነው። እናት ሐሳቧን ትናገር፤ አያት ይመርቁ፤ ታዳጊዋ ልጅም ሳትቋረጥ ትሰማ። የአገርን ሸንጎ የሚያቀናው ልማድ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

በዓሉ የሰላም፣ የመደማመጥና የዕርቅ ይሁንልን።